ተከሳሹ ራሱ የሚመረምረው አቤቱታ

በመጋቢት 2000 የአሜሪካ መንግሥት 1,100 ለሚያህሉ ሴቶች 508 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሴቶቹ ከ1974 እስከ 1984 ባለው ጊዜ በአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮና ሬዲዮውን ያስተዳድር በነበረው የኢንፎርሜሽን ኤጀንሲ ሥራ ጠይቀው ሴት በመሆናቸው የተመለሱ ናቸው። በውጭ ቋንቋ የሚያሰራጩ ጋዜጠኞች፣ ቴክኒሻኖች፣ ጸሐፊዎችና አርታዒዎች ለመሆን ነበር ያመለከቱት። ሃርትማን በሚል መዝገብ የሚታወቀው ይህ ክስ የተከፈተው በ1977 ነው። የአማርኛው ክፍል በ1982 ሥርጭት ሲጀምር ክሱ አምስት ዓመት ሞልቶት ነበር። በደርግ ዘመን ድምፁን ቀንሶ ዋሽንግተንን ያዳምጥ የነበረ ሰው፣ ያው ጣቢያ ሴቶችን በመበደል ተከሶ ችሎት እንደቆመ ያውቅ ነበር ለማለት ይከብዳል።

ሰው ሁሉ የሚያነሣው የገንዘቡን መጠን ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ጊዜው ነው። ዳኛ ቻርልስ ሪቺ መንግሥት አድልዎ መፈጸሙን የወሰኑት በ1984 ነበር፤ ከውሳኔው እስከ ስምምነቱ ሌላ 16 ዓመት አለፈ፤ ዳኛውም ፍጻሜውን ሳያዩ በ1997 አረፉ። ሕጉ ግልጽ፣ ማስረጃው የቀረበ፣ ፍርዱ የተሰጠ ጉዳይ ይህን ያህል ከዘገየ፣ አንዲት ሠራተኛ ብቻዋን አለቃዋን ስትከስ ምን ያህል ሊጓተት እንደሚችል መገመት አይከብድም። በመንግሥት ሠራተኞች የፆታ አድልዎና የበቀል አቤቱታ ላይ የተሠራውን ሕግና የተሰጡትን ፍርዶች በተከታታይ ላነበበ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። መብቱ በየአሥር ዓመቱ እየሰፋ መጥቷል፤ የሚገባበት በር ግን ዛሬም በአሠሪው ግቢ ውስጥ ነው ያለው።

መነሻው ራሱ ትንሽ ያስገርማል። በየካቲት 1964 የሲቪል መብቶች ረቂቅ ሕግ በምክር ቤት ሲታይ፣ «ፆታ» የሚለውን ቃል በማሻሻያ ያስገቡት የቨርጂኒያው ተወካይ ሃዋርድ ስሚዝ ነበሩ። ስሚዝ የረቂቁ ጽኑ ተቃዋሚ ስለነበሩ ያስገቡት ሕጉን ለማሰናከል ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ለሴቶች መብት ከነበራቸው የቆየ ድጋፍ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ሐሳባቸው ምንም ይሁን ምን ቃሉ ጸደቀ። ታይትል ሰቨን የሚባለው የሕጉ ክፍል አሠሪዎች በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገርና በፆታ እንዳያዳሉ ከለከለ፤ አቤት ያለን ሠራተኛ መበቀልንም እንዲሁ። ግን «አሠሪ» የሚለው ትርጉም የፌዴራል መንግሥቱንም ሆነ ክፍላተ ሀገራቱን አያካትትም ነበር። ሕግ አውጪው ለፋብሪካና ለባንክ ባለቤት ያወጣውን ሕግ በራሱ ቢሮ ላይ ለማዋል ስምንት ዓመት ፈጀበት። በመጋቢት 1972 በወጣው ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኞች በሕጉ ገቡ። የእነሱን አቤቱታ የመከታተሉ ሥልጣን ግን መጀመሪያ የተሰጠው ለሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ነበር፤ ኢኢኦሲ በሚል አጠራር ለምናውቀው የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን የተላለፈው በ1978 በተደረገው የአስተዳደር ለውጥ ነው። በዚያን ጊዜ ኮሚሽኑን ይመሩ የነበሩት ኤሌኖር ሆልምስ ኖርተን ነበሩ።

በሩ እንደተከፈተ መጀመሪያ የገቡት የዋሽንግተን የቢሮ ሠራተኞች መሆናቸው ብዙ አይወራለትም። በ1976 አንዲት የፍትሕ ሚኒስቴር ሠራተኛ የአለቃዋን የወሲብ ጥያቄ ባለመቀበሏ ከሥራ በመሰናበቷ ከሳ፣ ይህ በፆታ ላይ የተመሠረተ አድልዎ ነው የሚል ፍርድ አገኘች፤ ዳኛው እኒያው ሪቺ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ባርንስ በሚባለው መዝገብ ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጠ። ባለጉዳይዋ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሠራተኛ ነበረች፤ አለቃዋን እምቢ ካለች በኋላ የሥራ መደቧ ታጠፈ። የበታቹ ፍርድ ቤት አቤቱታዋን የጣለው «የተበደለችው ሴት በመሆኗ አይደለም፤ ከአለቃዋ ጋር ግንኙነት ለመጀመር እምቢ በማለቷ ነው» በሚል መንፈስ ነበር። ዛሬ ሲነበብ ቀልድ ይመስላል፤ በዘመኑ ግን ብዙ ዳኞች የተቀበሉት ክርክር ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወሲባዊ ትንኮሳ አድልዎ መሆኑን ያረጋገጠው በ1986 ስለሆነ፣ የመንግሥት ሠራተኞቹ አሥር ዓመት ቀድመዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ አቤቱታው መንገድ እንግባ፤ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነውና። በግል ድርጅት የምትሠራ ሴት ለኢኢኦሲ ለማመልከት 180 ቀን አላት፤ የራሳቸው ተቋም ባላቸው እንደ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ባሉ ቦታዎች 300 ቀን ይሆናል። የፌዴራል ሠራተኛ ግን 45 ቀን ብቻ ነው ያላት። በነዚህ ቀናት ውስጥ የምትሄደውም ወደ ኮሚሽኑ አይደለም፤ በራሷ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወዳለው የእኩል የሥራ ዕድል (ኢኢኦ) አማካሪ ነው። «አማካሪ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ይህ ሰው ጠበቃዋ አይደለም፤ ሁለቱን ወገኖች አነጋግሮ ነገሩ በንግግር ይፈታ እንደሆነ የሚሞክር ሠራተኛ ነው። ለዚህ 30 ቀን አለው፤ በሽምግልና መንገድ ይታይ ከተባለ እስከ 90 ቀን ይደርሳል። ካልተፈታ፣ የማቅረብ መብት እንዳላት የሚገልጸው ደብዳቤ ከደረሳት በኋላ በ15 ቀን ውስጥ መደበኛውን አቤቱታ በጽሑፍ ታስገባለች። ይህችን 15 ቀን ያሳለፈ ሰው፣ በደሉ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል።

ከዚያ ምርመራው ይጀመራል፤ መደበኛ ጊዜው 180 ቀን ነው። የሚመረምረው ማን ነው? የተከሰሰው መሥሪያ ቤት ወይም እሱ በገንዘቡ የቀጠረው መርማሪ ነው። ምርመራው ሲያልቅ ሠራተኛዋ ሁለት ምርጫ አላት፤ በኢኢኦሲ አስተዳደራዊ ዳኛ ፊት መሰማት ወይም መሥሪያ ቤቷ ራሱ እንዲወስን መጠየቅ። ሁለተኛውን ለምን እንደሚመርጡ አንዳንዴ ይገባኛል፤ መሰማቱ ዓመታት ሊወስድ ይችላልና። ግን ከሳሹ የተከሳሹን ውሳኔ የሚጠብቅበት ሥርዓት፣ ምንም ያህል ሐቀኛ ሰዎች ቢያካሂዱት፣ እምነት የሚጣልበት አይሆንም። እስከ 1999 ማብቂያ ድረስ ነገሩ ከዚህም የባሰ ነበር፤ አስተዳደራዊ ዳኛው ለሠራተኛዋ ቢፈርድላት እንኳ መሥሪያ ቤቱ ፍርዱን ውድቅ አድርጎ የራሱን ውሳኔ መተካት ይችል ነበር። አሁን ካልተስማማ ለኮሚሽኑ ይግባኝ ማለት አለበት።

ለፍትሕ ያህል የሥርዓቱን ጥሩ ጎንም መናገር ይገባል። ኮሚሽኑ ለሠራተኛዋ ከፈረደ መንግሥት ወደ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት አይችልም፤ ከፈረደባት ግን እሷ ክሷን ከመጀመሪያው ጀምሮ በፍርድ ቤት ማሰማት ትችላለች። ይህን ድርብ ዕድል የግል ድርጅት ሠራተኛ አያገኘውም። ችግሩ እዚያ እስክትደርስ የሚያልፈው ጊዜ ነው።

ከሀገር ቤት መንግሥት ሥራ የመጣ አንባቢ ይህ ሁሉ አዲስ ላይሆንበት ይችላል። በደንብ ቁጥር 77/1994 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የተዘረጋው የቅሬታ ሥርዓትም የሚጀምረው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከሚቋቋም ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው የውሳኔ ሐሳቡን ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ያቀርባል፣ ያልረካ ሠራተኛ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይሄዳል። መንግሥት በየአገሩ የራሱን ጉድ መጀመሪያ በራሱ ጓዳ ማየት ይወዳል።

ከላይ ያየነው ሁሉ ግን ለዋናው ጉዳይ መንደርደሪያ ነው፤ ዋናው ጉዳይ በቀል ነው። ከ2008 የበጀት ዓመት ጀምሮ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከሚቀርቡ የአቤቱታ ምክንያቶች ሁሉ በብዛት አንደኛ የሆነው የበቀል እርምጃ ነው። በ2013 ከቀረቡት አቤቱታዎች ግማሽ ለሚጠጉት በቀል አንዱ ምክንያት ነበር፤ አድልዎ ተፈጽሟል ተብሎ ከተወሰነባቸው ጉዳዮች ውስጥም 42 በመቶው በቀልን የሚመለከቱ ነበሩ። ይህን ቁጥር «ሠራተኞች በቀልን እንደ ሰበብ ይጠቀሙበታል» ብለው የሚያነቡ አሉ። እኔ አልስማማም። በአድልዎ ክስ የአለቃን የልብ ሐሳብ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ልብ ደግሞ ምስክር ሆኖ አይቀርብም። በበቀል ክስ ግን የጊዜው ቅደም ተከተል ራሱ ይናገራል፤ ሰኞ አቤት ያለች ሠራተኛ አርብ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከደረሳት ዳኛ «ለምን?» ብሎ ለመጠየቅ አይቸግረውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ በመሥሪያ ቤት ግን ስሙ በአቤቱታ ላይ የሰፈረ አለቃም በቀላሉ የሚረሳ አይመስልም።

በቀል ማለት ማባረር ብቻ ቢሆን ሕጉ ቀላል ይሆን ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 ኋይት በሚባለው መዝገብ መስፈርቱን አሰፋው። ባለጉዳይዋ በሜምፊስ የባቡር ድርጅት ውስጥ ፎርክሊፍት ትነዳ ነበር፤ ስለ ቅርብ አለቃዋ ካመለከተች በኋላ ወደ ሐዲድ ጉልበት ሥራ ተመደበች፣ ቆይቶም 37 ቀን ያለ ደመወዝ ታገደች። ፍርድ ቤቱ የወሰነው፣ አስተዋይ የሆነን ሠራተኛ አቤት ከማለት ሊያስፈራ የሚችል ማንኛውም እርምጃ በቀል ሊሆን እንደሚችል ነው። ዳኛ ስቲቨን ብሬየር የሰጡትን ምሳሌ እወደዋለሁ፤ የሥራ ሰዓት መቀየር ለብዙ ሰው ምንም አይደለም፣ ተማሪ ልጆች ላሏት ወጣት እናት ግን ከባድ ቅጣት ሊሆን ይችላል። የመሥሪያ ቤትን ኑሮ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው ያሰኛል።

የናሽቪሉ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያናድዳል። ክሮፎርድ የከተማው መስተዳድር የደመወዝ ክፍል ሠራተኛ ነበረች፤ 30 ዓመት አገልግላለች። እሷ አላመለከተችም። የሠራተኛ ግንኙነት ኃላፊው ስለ ትንኮሳ ሲወራበት መስተዳድሩ ምርመራ ከፈተ፣ እሷንም ጠርቶ ጠየቃት፣ ያየችውንና የደረሰባትን ተናገረች። ሌሎች ሁለት ሴቶችም እንደዚሁ። ምርመራው እንዳለቀ በኃላፊው ላይ ምንም እርምጃ አልተወሰደም፤ የተባረሩት ሦስቱ ሴቶች ናቸው፣ ክሮፎርድ «ገንዘብ አጉድለሻል» ተብላ። የበታች ፍርድ ቤቶች ሕጉ የሚጠብቀው ራሱ ተነሥቶ አቤት ያለን ሰው እንጂ ተጠርቶ የመለሰን አይደለም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 ይህን በአንድ ድምፅ ሻረው። ሁለቱ የበታች ፍርድ ቤቶች ያሉት ቢጸና ኖሮ ማንም ሠራተኛ በውስጥ ምርመራ ላይ አፉን የሚከፍትበት ምክንያት አይኖረውም ነበር።

ዝውውር ሌላው የታወቀ መሣሪያ ነው፤ ሀገር ቤትም ሆነ እዚህ፣ ደመወዝ ሳይነኩ ሰውን ማሸት የሚቻልበት። በሴንት ሉዊስ ፖሊስ የመረጃ ክፍል ውስጥ ትሠራ የነበረች ሴት ሳጅን፣ አዲስ የመጣው አዛዥ ሥራው «በጣም አደገኛ» ስለሆነ በወንድ ሊተካት ፈልጎ ወደ ዩኒፎርም ሥራ እንድትዛወር አደረገ። አዛዡ አንዳንድ ጊዜ በማዕረጓ ፈንታ «ወይዘሮ» እያለ ይጠራት ነበር። ማዕረጓና ደመወዟ አልተነኩም፤ ያጣችው ከኤፍቢአይ ጋር የምትሠራበትን ሹመት፣ ወደ ቤት የምትወስደውን መኪናና ቅዳሜና እሑድ የማረፍ ዕድሏን ነው። በሚያዝያ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመልድሮው መዝገብ ጉዳቱ ከባድ መሆኑን ማስረዳት እንደማያስፈልጋት፣ የተወሰነ ጉዳት ማሳየት እንደሚበቃ ወሰነ። ይህ የአድልዎ እንጂ የበቀል መስፈርት አይደለም፤ ልዩነቱ ለጠበቆች ብዙ ሥራ ይፈጥራል፤ ከቢሮዋ ለተነሣችው ሳጅን ግን ሁለቱም ያው ናቸው።

ፍርዶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አልሄዱም። በ2013 ናሳር በተባለው መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የበቀል ከሳሽ እርምጃው ያለ በቀል ስሜት ፈጽሞ አይወሰድም ነበር ብሎ ማስረዳት አለበት አለ፤ ይህ ከባድ ሸክም ነው። ለፌዴራል ሠራተኞች ግን ሌላ ቀዳዳ ተገኘ። ሕጉ የፌዴራል የሠራተኛ ውሳኔዎች «ከማንኛውም አድልዎ ነጻ» ሆነው ይሰጡ ይላል፤ በ2020 ባብ በተባለው መዝገብ፣ በፍሎሪዳ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል በምትሠራ የመድኃኒት ባለሙያ ጉዳይ፣ ፍርድ ቤቱ ይህ ቃል ከዕድሜ አድልዎ ጋር በተያያዘ የመጨረሻው ውሳኔ ባይቀየርም እንኳ ሂደቱ ከተበከለ ጥፋት እንደሆነ ተረጎመው። ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ ናቸው የጻፉት፤ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ከእሳቸው የሚጠበቅ አልነበረም። በ2025 ደግሞ የኦሃዮ መንግሥት ሠራተኛ የነበረች ሴት በግብረ ሰዶማውያን ባልደረቦቿ ምክንያት ተበድያለሁ ባለችበት የኤምስ መዝገብ፣ የብዙኃን ወገን አባል የሆነ ከሳሽ ተጨማሪ ማስረጃ ያቅርብ የሚለው የአንዳንድ ፍርድ ቤቶች ልማድ በሙሉ ድምፅ ተሻረ።

እነዚህ ሁሉ አፋቸውን የከፈቱ ሰዎች ታሪኮች ናቸው። ዝም ያሉት ግን ይበዛሉ። የሠራተኞች መብት ጥበቃ ቦርድ የሚባለው የፌዴራል አካል በ1980 ባደረገው ጥናት፣ ከሴት ሠራተኞች 42 በመቶ የሚሆኑት ባለፉት ሁለት ዓመታት ወሲባዊ ትንኮሳ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል፤ በ1994 ቁጥሩ 44 በመቶ ሆነ፣ በ2016 ወደ 21 በመቶ ግድም ወረደ። ቁጥሩ መውረዱ ደስ ያሰኛል፤ ግን ከአምስት ሴቶች አንዷ ማለት አሁንም ብዙ ነው። ኢኢኦሲ በ2016 ያወጣው የጥናት ቡድን ሪፖርት ትንኮሳ ከደረሰባቸው ሰዎች ከአራቱ ሦስቱ ለአለቃ እንኳ እንደማይናገሩ ጽፏል።

ዝምታ ሲባል አኒታ ሂልን አለማንሣት አይቻልም። በ1981 በትምህርት ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በኢኢኦሲ ራሱ በክላረንስ ቶማስ ሥር ሠርተዋል። በጥቅምት 1991፣ ቶማስ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ታጭተው ሳለ፣ በሴኔት ፊት ቀርበው አለቃቸው ይተነኩሷቸው እንደነበር ተናገሩ፤ ቶማስ ካዱ፣ 52 ለ48 በሆነ ድምፅ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገቡ። ማን እውነቱን ተናገረ የሚለውን ክርክር እዚህ አልገባበትም። ብዙ ሴናተሮች ደጋግመው የጠየቁት ግን «ያኔ ለምን አላመለከትሽም?» ብለው ነበር። የሚያመለክቱበት ቦታ የሚሠሩበት ቢሮ ነበር፤ የኮሚሽኑ ኃላፊም ተከሳሹ ናቸው። በዚያ ሰሞን ወደ ሴኔት ደረጃ ሰልፍ ከወጡት የሴት ተወካዮች መካከል በ1980 ኮሚሽኑ ስለ ትንኮሳ መመሪያ ሲያወጣ የመሩት ኖርተን ነበሩ።

ከሕጉ ውጭ ስለቀሩት ባጭሩ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሠራተኞች፣ ወደ 30,000 የሚሆኑ፣ በታይትል ሰቨን አይጠበቁም፤ የአድልዎን ትርጉም ለአገሩ የሚያስረዱ ዳኞች የገዛ ጸሐፊዎቻቸው ሲያመለክቱ ጉዳዩ በውስጥ ሥርዓት ነው የሚታየው። ዩኒፎርም የለበሱ ወታደሮችም አይገቡም። ኮንግረሱ ራሱን በሕጉ ሥር ያስገባው በ1995 ነው፤ እስከ 2018 ድረስም አመልካቾችን መጀመሪያ ምክር ተቀበሉ፣ ቀጥሎ ተሸማገሉ፣ ከዚያ 30 ቀን ታገሡ ይል ነበር።

ለአገራችን ሰዎች አንድ ነገር ላክል። በዋሽንግተን ዙሪያ የመንግሥት ሕንፃ እየጠበቁ፣ እያጸዱ፣ መኪና ማቆሚያውን እያስተዳደሩ የሚኖሩ ወገኖች ብዙ ጊዜ ደመወዛቸው የሚመጣው ከኮንትራክተር ነው። መታወቂያው ላይ የመንግሥት አርማ ስላለ ብቻ የፌዴራል ሠራተኛ አያደርግም፤ በአብዛኛው የሚመለከታቸው የግል ድርጅት መንገድ ነው። ጥርጣሬ ካለ አጭሩን የ45 ቀን ጊዜ ይዞ ሁለቱንም በር ማንኳኳት ይሻላል።

ገንዘቡስ? በ1991 በወጣው ሕግ ለሥነ ልቦና ጉዳትና ለመሳሰለው የሚከፈለው ካሳ ከ300,000 ዶላር አይበልጥም፤ ጣሪያው ከዚያ ወዲህ አልተነካም። መንግሥት ደግሞ የቅጣት ካሳ አይከፍልም። በ2000 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባልደረባ የነበሩት ማርሻ ኮልማን-አዴባዮ በዘርና በፆታ አድልዎ ከሰው 600,000 ዶላር ተፈርዶላቸው ነበር፤ ጣሪያው ግማሹን ወሰደው። እሳቸው ግን እዚያ አላቆሙም። በእሳቸው ውትወታ በ2002 የወጣው ኖ ፊር የተባለው ሕግ አንድ የቆየ ምቾት አፈረሰ። ከዚያ በፊት በፍርድ ቤት ክስ የሚወሰን የካሳ ገንዘብ ከግምጃ ቤቱ የጋራ ፈንድ ይከፈል ስለነበር በደል የፈጸመው መሥሪያ ቤት ከኪሱ ምንም አያጎድልም ነበር፤ አሁን ከራሱ በጀት ይመልሳል። የአቤቱታ ቁጥሩንም በይፋ መለጠፍ አለበት። በዚህ ዳሰሳ ካየኋቸው ማሻሻያዎች ሁሉ በአለቆች ጠባይ ላይ ለውጥ ያመጣል ብዬ የማምነው ይህኛውን ነው፤ በጀት የሚነካ ነገር በስብሰባ ላይ ይነሣልና።

መብቱን የሚያስከብሩት ተቋማት ግን ራሳቸው ሲሽመደመዱ ታይቷል። የመብት ጥበቃ ቦርዱ፣ ከሥራ መባረርንና አድልዎን ያጣመሩ ጉዳዮችን የሚያየው፣ ከጥር 2017 እስከ መጋቢት 2022 ምልዓተ ጉባኤ አልነበረውም፤ ወደ 3,800 የሚጠጉ መዝገቦች ተከመሩ። ኢኢኦሲም በጥር 2025 ሁለት ኮሚሽነሮች ከተነሡበት በኋላ እስከ ጥቅምት ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ ቆይቷል። እንዲህ ያለ የተጣመረ ጉዳይ ለቦርዱ ያቀረበ ሠራተኛ በ120 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይፈቀድለታል፤ በነዚያ አምስት ዓመታት ጠበቃ መቅጠር የቻሉት በዚህ መውጫ መጠቀም ይችሉ ነበር፣ ያልቻሉት ቦርዱ አባላት እስኪሾሙለት ጠበቁ።